ወደ ባሕር የሚወረደው በጥር ነው

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና እስቲ ከአንዲት ቃል እንጀምር። የእንግሊዝኛ መምህሮቻችን «ሰመር» ማለት «በጋ» ነው ብለው አስተማሩን። ፈረንጅ ሰመር የሚለው ፀሐይ የሚበረታበትን፣ ትምህርት ቤት የሚዘጋበትን፣ ሰው ድንኳኑን ጭኖ ወደ ባሕር የሚወርድበትን ጊዜ ነው። እኛ ዘንድ ትምህርት ቤት የሚዘጋው ዝናብ ሲወርድ ነውና «የሰመር ዕረፍት» ወደ አማርኛ ሲገባ «የክረምት ዕረፍት» ሆነ። በጋው ክረምት ሆኖ አረፈው ማለት ነው። ነገሩ የመዝገበ ቃላት ቀልድ ይመስላል። ከነቀምቴ ተነስቶ ባሕር ዳርቻ ላይ ድንኳን ለመትከል ለሚያስብ ሰው ግን ቀልድ አይደለም።

የወለጋ ሰው ጋቢውን ደርቦ ከምድጃ በማይርቅበት በሐምሌ፣ ምጽዋና ጂቡቲ እንደ ምጣድ ይግላሉ፤ የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ሌሊቱም ቢሆን እምብዛም አይምርም። ጂቡቲ ላይ በዚያ ላይ ካምሲን የሚሉት ደረቅና አሸዋ አዘል ነፋስ አለ። ወለጋ ሰማዩ ጠርቶ አቧራው በሚነሳበት በጥር ደግሞ በጠረፉ ቀዝቀዝ ይላል፤ ሙቀቱ 30 ዲግሪ ቢደርስ ነው። ያችው ጥቂት የዓመቱ ዝናብም በዚያው ሰሞን ታካፋለች። የደጋውና የባሕሩ ወቅት ጀርባና ጀርባ ናቸው።

ይህን እንዳወጣና እንዳወርድ ያደረጉኝ በነቀምቴ የሚያስተምሩ አራት ወጣቶች ናቸው። ሁለት ድንኳን፣ አራት ምንጣፍ፣ አንድ የጋዝ ምድጃ ይዘው በሐምሌ ወደ ባሕር ሊወርዱ አቅደው ወረቀታቸውን አመጡልኝ። «ጋሼ፣ እርስዎ የድሮ ነገር ያነባሉ፤ እስቲ ይዩልን» አሉኝ። የመጀመሪያ ምኞታቸው ምጽዋ ነበረች። ኤርትራ በ1993 ነጻ አገር ከሆነች ወዲህ ምጽዋ በፓስፖርት የሚኬድባት ሆናለች፤ ከ1998ቱ ጦርነት በኋላ ለ20 ዓመታት ተዘግቶ በ2018 የተከፈተው ድንበርም እንደ ልብ የሚታለፍ አልሆነም። ስለዚህ ዕቅዱ ወደ ጂቡቲ፣ ወደ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ዞሯል፦ በአውቶቡስ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ፣ ከዚያ በባቡር ወደ ጠረፉ። ሐምሌን የመረጡት ትምህርት ቤት ስለሚዘጋ ነው። እኔ ደግሞ ወረቀቱን እያየሁ ይህን መንገድ ከነሱ በፊት የሄዱበትን ሰዎች ማሰብ ጀመርኩ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ወሮቹ ግን የኛው ናቸው።)

ድንኳን ለኛ እንግዳ ዕቃ አይደለም። ዛሬ ድንኳን ሲባል ትዝ የሚለን ሠርግና ልቅሶ ነው እንጂ፣ አገሪቱ ለብዙ መቶ ዓመታት የተገዛችው ከድንኳን ውስጥ ነበር። «ከተማ» የሚለው ቃል ራሱ ቀድሞ የጦር ሰፈር ማለት ነው። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1520 በምጽዋ በኩል ገብቶ ዓፄ ልብነ ድንግልን ፍለጋ ሲሄድ መጨረሻ ላይ ያገኘው በግንብ የታጠረ ከተማ ሳይሆን ሜዳ የሞላ ድንኳን ነው። በዚያ ሰፈር ውስጥ ማን በፊት፣ ማን በቀኝ፣ ማን በግራ እንደሚሰፍር የታወቀ ነበር። ፊታውራሪ፣ ቀኛዝማች፣ ግራዝማች የሚሉት ማዕረጎች የሰልፉና የሰፈሩ ሥርዓት ትተውልን የሄዱት ስሞች ናቸው። ደጃዝማችም የንጉሡ ድንኳን ደጃፍ አዝማች ማለት ነው። የነቀምቴው ገዥ ኩምሳ ሞረዳ፣ በክርስትና ስማቸው ገብረ እግዚአብሔር፣ ደጃዝማች ሲባሉ፣ ዛሬ ቤተ መንግሥታቸውን ለማየት ወደ ነቀምቴ የሚመጣው እንግዳ ልብ አይለው ይሆናል እንጂ፣ ማዕረጋቸው የድንኳን ቃል ነው።

ያ ሁሉ ተንቀሳቃሽ ከተማ ግን አንድ ጌታ ነበረው፤ ዝናብ። ሰኔ ሲገባ ንጉሡም ሠራዊቱም አንድ ቦታ ላይ ይረጋሉ። «ከረመ» የምንለው ግሥ የመጣው ከዚሁ ነው፤ ክረምትን ባሉበት ማሳለፍ ማለት ነው። ወታደሩ ሰይፍ፣ ንጉሡ ዘውድ ቢኖረውም ወንዝ ሲሞላ ይከርማል።

ነጋዴውም እንዲሁ። በ19ኛው መቶ ዓመት ከወለጋና ከጊቤ አገሮች ወርቅ፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስና ቡና ይዞ ወደ ባሕር የሚወርደው ሲራራ ነጋዴ ዋና መንገዱ ወደ ሰሜን ነበር። ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም ውስጥ ባሶ ከሚባለው ትልቅ ገበያ ይገባል፤ ከዚያ ጎንደር፣ ከዚያ ዓድዋ፣ በመጨረሻም ምጽዋ። መንገዱ ወራት ይፈጃል። በመንገዱ መካከል ደግሞ ቁልፉን የያዘ በረኛ አለ፤ ዓባይ። በክረምት ሞልቶ የሚወርደውን ዓባይ በታንኳም በዋናም መሻገር ነፍስን መሸጥ ነበርና ነጋዴው መስከረምን አሳልፎ፣ ወንዙ እስኪጎድል ጠብቆ ይነሳል። እንዲህ ሲያደርግ ሳያስበው ጠረፉ በሚቀዘቅዝበት ወቅት ባሕሩ ዘንድ የመድረስ ዕድል ያገኛል። የሐማሴንና የአካለ ጉዛይ ከብት አርቢዎችም ይህንኑ ያውቃሉ፤ በደጋው በጋ ወደ ምጽዋ አካባቢ ቆላ ወርደው ከብቶቻቸውን ሣር ያስግጣሉ፣ ሙቀቱ ሳይበረታ ወደ ደጋ ይመለሳሉ። የቀን መቁጠሪያው በመጽሐፍ ሳይሆን በእግር የተጻፈ ነው።

ከዚህ ደንብ የወጣ አንድ የወለጋ መንገድ ነበር፤ እሱም የጋምቤላው ነው። በ1902 ዓፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል መሠረት ባሮ ወንዝ ላይ የንግድ ጣቢያ ሲቋቋም፣ የካርቱም መርከቦች እስከ ጋምቤላ የሚደርሱት ወንዙ በሚሞላበት በክረምት ብቻ ሆነ። የወለጋና የኢሉባቦር ቡና በበጋ በበቅሎና በአህያ ይወርዳል፤ መጋዘን ገብቶ ይከርማል፤ ዝናቡ ሲመጣ መርከብ ይጫናል። ይህም ቢሆን ወቅትን ማወቅ ነው። ዝናብ ለበቅሎ መንገዱን ሲዘጋ ለመርከብ ከፈተ።

ወቅትን አስልቶ ወደ ቀይ ባሕር በመምጣት የእንግሊዙን ጄኔራል ናፒየርን የሚያህል የለም። በ1867 ጥቅምት የጦሩ ግንባር ቀደም ክፍል ከምጽዋ በስተደቡብ ካለችው ከዙላ ወረደ። ናፒየር ራሱ 1868 ሲገባ ደረሰ፤ ሚያዝያ መቅደላ ላይ ነበር፤ ሰኔ ላይ መርከብ ተሳፍሮ ሄደ። ወደ 13,000 ወታደር፣ ከሕንድ የመጡ 44 ዝሆኖች፣ ከባሕሩ ወደ ተራራው ግርጌ የተዘረጋ ባቡር፣ በሺሕ የሚቆጠር የጭነት ከብት ይዞ ነበር። ዙላ የድንኳን ከተማ ሆነች። ግን ይህን ሁሉ ያሰበ ዕቅድ አንድ ነገር ጎደለው፤ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚበቃ ውሃ። ዙላ ላይ ጥሩ ውሃ አልነበረምና የባሕሩን ውሃ በመርከብ ላይ እያፈሉ፣ እንፋሎቱን እያቀዘቀዙ ይጠጡ ነበር። የሰውን ጥም እንዲህ ሲያስታግሡ በቅሎዎቹ ባሕሩ ዳር በጥም አለቁ። ያለቁትም በሐምሌ ሐሩር ሳይሆን ጠረፉ በሚቀዘቅዝበት ወቅት ነው። ወቅቱን ብቻ ማወቅ እንደማይበቃ የዙላ በቅሎዎች ይመሰክራሉ።

እስካሁን ያነሳኋቸው ሁሉ ወቅታቸውን የመምረጥ ፈቃድ ነበራቸው። ወቅት የማይመርጡ መንገደኞችም ነበሩ። ያ ወርቅና ዝባድ የወረደበት መንገድ ሰው የሚነዳበትም መንገድ ነው።

በ1869 በኢሉባቦር ሁሩሙ አካባቢ ሂካ የሚባል ልጅ በባሪያ ፈንጋዮች ተያዘ። አባቱን በሕፃንነቱ ያጣ ልጅ ነው። ከአንዱ ገዢ ወደ ሌላው እየተላለፈ ነሲብ የሚል ስም ወጣለት፤ በ1870 ምጽዋ ደረሰ። ለሱ በመንገድ ላይ ድንኳን አልተተከለለትም፤ ዓባይ ጎደለ ወይስ ሞላ ብሎ የመጠየቅ መብትም አልነበረውም። ምጽዋ ላይ የስዊስ ተወላጁ ቬርነር ሙንዚንገር ነጻ አወጣው፤ የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባ። በ1872 ሲጠመቅ ኦነሲሞስ ተባለ፤ በኋላ ወለጋ የሚያውቃቸው ኦነሲሞስ ነሲብ እኚሁ ናቸው።

የሚሲዮኑ ማዕከል የነበረችው ምንኩሉ ከምጽዋ ደሴት ጥቂት ኪሎ ሜትር ገባ ብላ የምትገኝ መንደር ናት። ደሴቲቱ የራሷ ውሃ ስላልነበራት የምጽዋ ሰው የሚጠጣው ከምንኩሉ ጉድጓዶች እየተቀዳ ነበር። ኦነሲሞስ ስዊድን አገር ተምረው በ1881 ሲመለሱ ሐሳባቸው አንድ ነበር፤ ወደ ሕዝባቸው መድረስ። ደጋው መንገድ ለሚሲዮን የተዘጋ ስለነበር ጓዙ በሱዳን በኩል ዞረ። ከካርቱም ዓባይን ይዘው ሽቅብ ወደ ወለጋ ጠረፍ ተጓዙ። አገራቸው ደጃፍ ላይ ሲደርሱ ግን ንዳድ ጣላቸው። በ1882 ሚያዝያ ወደ ካርቱም ተመለሱ፤ በኋላም ምንኩሉ ገቡ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። የወባን ተሕዋስ ፈረንሳዊው ላቨራን በሰው ደም ውስጥ ያየው በ1880 ነው። ወባን የምታዛምተው ትንኝ መሆኗን ሮናልድ ሮስ ያረጋገጠው በ1897 ነው። በ1882 እነ ኦነሲሞስ ድንኳን፣ ስንቅ፣ መድኃኒት፣ ግመል ሁሉ ነበራቸው፤ ንዳዱን የሚያመጣው ግን የቆላው መጥፎ አየር ይመስላቸው ነበር። ለጤና ብለው አየር ሊነፍስላቸው የከፈቱት የድንኳን መጋረጃ የጠላታቸው መግቢያ ሊሆን እንደሚችል የሚነግራቸው ሰው በዓለም ላይ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ በሸዋ በኩል የተሞከረውም ጉዞ ከወለጋ አላደረሰም። ኦነሲሞስ ምንኩሉ ተቀመጡ፤ በዚያ ግለት ውስጥ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መተርጎም ያዙ። በ1886 አንዲት ልጅ ተጨመረች። አስቴር ጋኖ ትባላለች፤ ከሊሙ ተወስዳ በባሕር ወደ ዓረብ አገር ልትሸጥ ስትጫን የጣሊያን መርከብ ያስጣላት ናት። ኦነሲሞስ ከልጅነታቸው ከኦሮምኛ ርቀው ኖረዋልና የአስቴር ቋንቋ ለሥራው ትልቅ ስንቅ ሆነ። 15,000 ያህል ቃላት የያዘ መዝገበ ቃላት አዘጋጀች፤ ተረቱን፣ ምሳሌውን፣ እንቆቅልሹን ከኦነሲሞስ ጋር ሰበሰበች። ከዚህም የተወሰነው በ1894 ምንኩሉ ላይ በታተመው የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ ገባ። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ስዊዘርላንድ ውስጥ ታተመ። የወለጋ ልጆች ፊደል የቆጠሩበት መጽሐፍ የተሰናዳው ለወለጋ ሰው በማይስማማ አየር፣ በባሕር ዳር ነው።

ኦነሲሞስ ወለጋ የደረሱት በ1904 ነው። ከተያዙ 35 ዓመት፣ ለመመለስ መንገድ ከጀመሩ 23 ዓመት ሆኗቸው ነበር። አስቴርም አብራ መጣች። ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ተቀበሏቸው፤ ነቀምቴ ላይ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ተቃውሞ ቢገጥማቸውም እስከ 1931 ሰኔ፣ እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ ወለጋን ለቀው መኖር አልፈለጉም።

ወደ ወጣቶቹ ዕቅድ ልመለስ። ለመዝናናት የሚሄድ ሰው ይህን ሁሉ ምን ያደርግለታል የሚል ይኖራል። እኔ ግን ካወራሁት ውስጥ የማይረባ የለም እላለሁ። ወረቀታቸው ላይ የጻፍኩላቸውም የሚከተለውን ነው።

አንደኛ፣ ሐምሌ ተሰርዞ ጥር ይሁን። የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና ሲያልቅ ጥቂት ቀን ዕረፍት አለ፤ አጭር ናት፣ ግን ወቅቷ የታወቀች ናት። ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል በዓል ሲከበር ዓፄ ኃይለ ሥላሴ እንኳ ወደዚያ የሚወርዱት በጥር አካባቢ ነበር። ሁለተኛ፣ ውሃ። ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ሊትር ያላነሰ የመጠጥ ውሃ ይታሰብ፤ የማብሰያውና የመታጠቢያው ለብቻ ነው። የዙላን በቅሎ ያስታውሷል። ሦስተኛ፣ ሰፈር። ድንኳን በደረቅ ወንዝ ውስጥ አይተከልም፤ እዚያ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ከላይ ተራራው ላይ የዘነበ ዝናብ ሌሊት ጎርፍ ሆኖ ይወርዳል። አሸዋ ካስማ አይዝምና አሸዋ የተሞላ ከረጢት በገመድ አስሮ መቅበር ይሻላል። ድንኳኑ በሁለት በኩል የሚከፈትና ነፋስ የሚያሳልፍ ይሁን፤ ከበላዩ ሌላ ሸራ ከፍ አድርጎ መወጠር ደግሞ ፀሐዩን ይከላከላል።

አራተኛ፣ አጎበር። ንዳድ ያለፈ ታሪክ አይደለም። ከእስያ የመጣች አኖፌሊስ ስቴፌንሲ የምትባል የወባ ትንኝ በ2012 ጂቡቲ ላይ፣ በ2016 ደግሞ በአገራችን ሶማሌ ክልል ተገኝታለች። ይህችኛዋ ረግረግ አትጠብቅም፤ በከተማ ውስጥ በበርሜልና በውሃ ማጠራቀሚያ ትራባለች። ሮስ ያወቀውን እነ ኦነሲሞስ አላወቁም፤ እኛ ግን አውቀናል። አምስተኛ፣ ስንቅ። ጭኮና ቆሎ ከነቀምቴ ቢጫን አይበላሽም፤ ለእንጀራው ግን ሙቀቱ አይራራለትም፣ ድርቆሽ ይያዝ። ስድስተኛ፣ የመንገዱ ሰላም ከመነሳት በፊት ይጠየቅ። ባለፉት ዓመታት ወለጋ ውስጥ በደረሰው ግጭት ብዙ ሰው ከቤቱ ወጥቶ በሸራ ድንኳን ኖሯል። ድንኳን ለኛ የሳምንት ደስታ ሲሆን ለጎረቤታችን ቤቱን የተካበት ጨርቅ መሆኑን የማያስብ መንገደኛ መንገዱን አላወቀውም።

ከአራቱ አንደኛዋ፣ የእንግሊዝኛ መምህርት ናት፣ «ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ እሺ፤ ግን መዝናናቱ የት ገባ?» አለችኝ። መልሴ አጭር ነበር፤ ጥር ላይ ታገኙታላችሁ። ከኅዳር እስከ ጥር በታጁራ ባሕረ ሰላጤ፣ በአርታ ዳርቻ አጠገብ፣ የዓሣዎች ሁሉ ትልቅ የሆነው ዓሣ ነባሪ የሚያህለው ሻርክ ምግብ ፍለጋ ብቅ ይላል፤ ሰው አይጎዳም። ባሕሩም እንግዳ የሚቀበለው በዚሁ ወቅት ነው።

አንድ ነገር ግን ሳልጽፍላቸው አላለፍኩም። ታጁራ ነጭ ቤቶችና መስጊዶች ያሏት ያማረች ጥንታዊ ወደብ ናት። በ19ኛው መቶ ዓመት እሷም እንደ ምጽዋ ከደጋው የተነዱ ሰዎች በመርከብ የሚጫኑባት ነበረች። ብዙዎቹ ከኦሮሞ አገር የመጡ ልጆች ናቸው። ምጽዋ ላይ ለሂካና ለአስቴር የደረሰላቸው ሰው ለነዚያ አልደረሰላቸውም፤ ስማቸውን የጻፈ የለም፤ የተመለሱም ጥቂት ናቸው። ወጣቶቹ ከባሕሩ ዳር ድንኳናቸውን ሲተክሉ፣ ወደዚያ በራሳቸው ፈቃድ፣ በመረጡት ወር፣ የመመለሻ ቲኬት በኪሳቸው ይዘው የወረዱ የወለጋ ልጆች መሆናቸውን ይወቁት። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት ይህ የማይታሰብ ነበር።